የማሙሽ ሦስት ገጽ

ሰኞ፣ 51 ቀን ቀረ

ይህ ደብተር የልብስ መረከቢያ መዝገብ ነው። ባሕር ማዶ ሃያ ሰባት ዓመት ከሠራሁበት ሆስፒታል፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል የተረፈ ነው፤ ጡረታ ስወጣ ሻንጣዬ ሥር ከትቼ ወደ አገሬ አመጣሁት። ገጹ ሦስት ዓምድ አለው፦ ንጹሕ፣ ቆሻሻ፣ የጠፋ። እኔ መስመሩን ሳልጠብቅ እጽፍበታለሁ። ኃላፊ ሳለሁ እንዲህ የሚሞነጫጭር ሠራተኛ ባገኝ ጆሮውን ነበር የምይዘው።

ዛሬ ከማሙሽ ጋር ወደዚያ አገር የመግቢያ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ ሄድን። ማሙሽ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩም ሸሽቷል፤ ከአፌ ግን ከማሙሽ ሌላ ስም አይወጣም። መስኮት ሦስት ላይ ያለችው ልጅ ሕጉን እንደ ዳዊት አነበነበችው። እዚያ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ተመልሶ መኖር ይችላል። ይህ ግን ከወጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። ሁለት ዓመት ካለፈው እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው የሚታየው። ጣቷን እየቆጠረች፣ “እናቴ፣ ለእርስዎ ሃምሳ አንድ ቀን ቀርቶዎታል” አለችኝ።

የሚያስፈልገው፦ የጡረታ ማረጋገጫ። ከወንጀል ነጻ መሆኔን የሚገልጽ የፖሊስ ወረቀት። የጤና ምርመራ። አሻራ። እዚያ የሚያስጠጋኝ ሰው የሚጽፈው የማረፊያ ደብዳቤ። ከዚያ ቃለ መጠይቅ። ይህ ሁሉ ይሁን። መጨረሻ ላይ ግን “የቅርብ ዘመድ ቃል” የሚባል ነገር አለ።

“እዚህ ካሉት ዘመዶችዎ አንዱ እርስዎን ማኖርና መጦር እንደማይችል በእጁ ይጽፋል፤ ራሱ ያሽገዋል፤ ፖስታው መዝጊያ ላይ ይፈርማል። እርስዎ አይከፍቱትም” አለች።

“እንደማይችል?”

“እንደማይችል፣ ወይም እንደማይፈልግ። እዚህ የሚጦርዎት ካለማ እዚያ ምን ያደርጋሉ? ሕጉ እንደዚያ ነው የሚያየው።”

ማሙሽን አየሁት። ጣሪያውን እያየ ነበር።

ለምን እንደምመለስ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስለ ጉልበቴ ነው የማወራው። ጉልበቴን የሚያውቀው ሐኪም እዚያ ነው። ልጄም እዚያ ናት፣ የልጅ ልጄም። ልጁ በቅርቡ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። እኔ ያቀፍኩት አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ 49 ቀን ቀረ

ማሙሽ ከመሥሪያ ቤቱ የሦስት ቀን ፈቃድ ወስዶልኛል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ ያልጻፈልኝ ሰው፣ ዛሬ ለእኔ ጉዳይ ከፖሊስ ጣቢያ ፎቶ ቤት፣ ከፎቶ ቤት ፖሊስ ጣቢያ ሲሮጥ ዋለ። ጫማው በጭቃ ተለውሶ ሲገባ ሚስቱ አንዲት ቃል አልተናገረችውም። ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ ይቃጠል ነበር።

ሠላሳ ዓመት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ከሰው ይልቅ ፋይል ያምናል። የፖሊሱን ማመልከቻ ስሞላ ከጀርባዬ ቆሞ ነበር። “ቀስ በይ፣ እታለም። አንዴ ከገባ አይወጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ይለኛል በየመስመሩ።

ማታ የማሙሽ ሚስት አዲስ ሻንጣ ይዛ መጣች። ጎማው አራት ነው። “እትዬ፣ የእርስዎ አርጅቷል ብዬ ነው። በስጦታ ይቁጠሩልኝ” አለችኝ። አመሰገንኩ። አሮጌው ሻንጣዬ ምንም አልሆነም።

ቅዳሜ፣ 46 ቀን ቀረ

የማልፈልገውን ሰማሁ። ከጓሮ ልብስ ሳሰጣ ነበር። የእኔ ክፍል ከውሃው ታንከር አጠገብ ናት። መስኮቷ ክፍት ነበር።

አናጢው፦ “አልጋው በዚህ በኩል ከሆነ ቁምሳጥኑ አይገባም።”

የማሙሽ ሚስት፦ “ይሄ የብረቱ አልጋ ይወጣል።”

“ባለአልጋዋስ?”

“እሷም ትወጣለች። ወረቀቷን እየጨረሰች ነው።” ሳቁ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚስቀው ዓይነት ነው። እሱ ነው ያናደደኝ።

የማሙሽ ልጅ ልታገባ ነው። ቤት እስኪያገኙ ከባሏ ጋር እዚህ ይቆያሉ። ደግ ነገር ነው። ይህ የእናታችን ቤት ነው፤ ልጅ ሲዳርበት ደስ ይላል። ግን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። እኔ በቁሜ እያለሁ ክፍሌን በሜትር?

እርጥብ አንሶላ እንደታቀፍኩ ገባሁና፣ “ቁመቱ ስንት መጣ?” አልኩ። አናጢው እውነት መስሎት ነገረኝ። የማሙሽ ሚስት ሳህን የታሸገባቸውን ካርቶኖቿን መቁጠር ጀመረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ያደሩ ካርቶኖች ናቸው፤ አንድም ቀን ቆጥራቸው አታውቅም።

እሑድ፣ 45 ቀን ቀረ

ለልጄ ደወልኩ። የማረፊያ ደብዳቤውን ነገርኳት።

“እሺ እማ። የቤት ውሉን ልይና።”

“ምን የሚታይ አለው? ሁለት መስመር ነው።”

“ስንት ሰው መኖር እንደሚችል ይላል እኮ። አከራዩንም መጠየቅ አለብኝ። እልክልሻለሁ።”

ልጁ ከኋላ ይጮኻል። “አያትህ ናት፣ ሰላም በላት” አለችው። ስልኩን ተቀብሎ ተነፈሰበትና ሄደ። ትንፋሹን ሰማሁ።

ሥራ በዝቶባት ነው።

ሐሙስ፣ 41 ቀን ቀረ

ዘወትር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እነቃለሁ፤ የጠዋት ፈረቃ ልማድ ነው። ማሽኖቹ እንዲሞቁ ቀድሜ መድረስ ነበረብኝ። አሁን የማሞቀው ማሽን የለም፤ ታንከሩ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማሁ የትናንቱን እጽፋለሁ።

ትናንት አሻራ ልሰጥ ሄድኩ። ጣቴን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩ፤ ማሽኑ ጮኸ። ሌላውን ጣት፤ ጮኸ። ወጣቱ ሠራተኛ ጣቶቼን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ፣ ቅባት ቀባ፣ አሸ፤ አሁንም ጮኸ። መጨረሻ ላይ አጉሊ መነጽር አምጥቶ አየና፣

“እማማ፣ አሻራ የለዎትም እኮ” አለኝ።

“ምን ማለት ነው የለኝም?”

“ጠፍቷል። ልሙጥ ነው። ምን ይሠሩ ነበር?”

ነገርኩት። በደም የተነከረ አንሶላ፣ የፈላ ውሃ፣ በረኪና። ለማሽን የማይሰጥ ልብስ በእጅ ነበር የሚታሸው። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ጓንት የሚሰጠው ለነርሶቹ ብቻ ነበር። አይገርምም? ያ አገር ጣቴን ልጦ በልቶ፣ አሁን ደግሞ ማን እንደሆንሽ በጣትሽ አሳዪኝ ይለኛል።

ወጣቱ አዘነልኝ። “በሳምንት ይመለሱ። እስከዚያ እጅዎ ውሃ እንዳይነካ፤ ትንሽ ሊመለስ ይችላል” አለኝ። ለማሙሽ ሚስት ስነግራት ሳህን አጠባውን ከእጄ ነጠቀችኝ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሳህን ሳላጥብ የዋልኩት ትናንት ነው።

ማክሰኞ፣ 36 ቀን ቀረ

የፖሊሱ ወረቀት መጣ። ከወንጀል ነጻ ነኝ። የደረት ራጅ ተነሣሁ፤ ሳንባዬ ንጹሕ ነው። የልጄ ደብዳቤ የለም። ሥራ በዝቶባት ነው። ዝናብ።

ሐሙስ፣ 34 ቀን ቀረ

አሻራ። ሦስት ጣት ያዘ። ሦስት ይበቃል አሉ። ወጣቱ ከእኔ በላይ ደስ አለው።

እሑድ፣ 31 ቀን ቀረ

ዛሬ ማሙሽ ቃሉን ጻፈ።

ቁርስ እንደተበላ የሳሎኑን ጠረጴዛ ጠረገ፤ መነጽሩን አደረገ፤ ለቢሮ ብቻ የሚጠቀምባትን እስክሪብቶ አወጣ። “እስክጨርስ ማንም እንዳይገባ” አለ። ሚስቱ በእግር ጣቶቿ እየሄደች ሻይ አስገባችለትና ወጣች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የማሙሽን ልጅ መጋረጃ ስሰፋ ነበር። ትናንት ጨርቁን ይዛ መጥታ፣ “አክስቴ፣ ከአንቺ የተሻለ የሚሰፋ የለም፤ ጫፉን ብታጥፊልኝ” አለችኝ። ለየትኛው መስኮት እንደሆነ ስጠይቃት ፊቷ ቀላ። አጥፌ ሰፋሁላት። ለክፍሌ ነው።

ምሳ እስኪደርስ ከዚያ ጠረጴዛ አልተነሣም። በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ ጎንበስ ብሎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጫፍ አውጥቶ ይጽፋል። ልጅ ሳለም እንደዚያ ነበር የሚጽፈው። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። እናታችን ሥራ ስትውል እኔ ነበርኩ የማስጠናው፤ “መ” አልዞርለት ብሎ ሲያለቅስ እጁን በእጄ ይዤ ያዞርኩለት እኔ ነኝ። ያችው እጅ ዛሬ፣ “እህቴን ማኖር አልችልም” ብላ ጻፈች።

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ፖስታውን ሰጠኝ፤ ወፍራም ነው።

“ስንት ገጽ ነው?” አልኩት።

“ሦስት።”

“ምን ብለህ ነው ሦስት ገጽ?”

“የሚጻፈውን ነዋ፣ እታለም።”

ሦስት ገጽ! እምቢ ለማለት አንድ መስመር ይበቃል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ምኔን ጻፈው? ጉልበቴን ነው? አፌን ነው? ጠዋት ጠዋት የምቆርጠውን እንቅልፋቸውን? እውነቱን ከተነጋገርን እኔም ቀላል ሰው አይደለሁም፤ የሚስቱን አንሶላ አጣጠፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ስነቅፍ ኖሬአለሁ። ከኋላዬ “ሹሟ” እንደምትለኝም አውቃለሁ። ቢሆንም ሦስት ገጽ አይሞላም።

እንድሄድ የፈለግሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን እንዲጽፍ የለመንኩትም እኔ ነኝ። ታዲያ ለምንድን ነው እንደ ተባረረ ሰው የማለቅሰው?

ሰኞ፣ 30 ቀን ቀረ

ፖስታውን አስገባሁ። አልከፈትኩም። አውቶቡስ ውስጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቼ አይቼዋለሁ። ምንም አይታይም።

እሑድ፣ 24 ቀን ቀረ

ደወልኩ፣ አላነሣችም። መልሳ ጻፈችልኝ፦ “እማ ሰሞኑን ወጥሮኛል፣ አልረሳሁም።”

ማኖር አይችሉም የሚለው ወረቀት በአንድ ቀን ተጽፎ ገባ። ማኖር ትችላለች የሚለው ሦስት ሳምንት ሆነው። ሥራ በዝቶባት ነው። ልጅም ይዛለች። ብቻዋን ናት። እናቷ አጠገቧ ብትሆን ኖሮ

(ማሙሽ ጠራኝ፤ ሳልጨርሰው ቀረ።)

ዓርብ፣ 19 ቀን ቀረ

የልጄ ደብዳቤ መጣ! ማሙሽ በቢሮው ማሽን አትሞ አመጣልኝ፤ ከእኔ ቀድሞ አንብቦት ኖሮ ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም።

አጭር ነው። የቤቱ አድራሻ፣ የክፍሎቹ ብዛት፣ ሁለት። ከዚያ፦ “እናቴን ለዘጠና ቀን ላስጠጋት እችላለሁ።”

ዘጠና ቀን። ቅጹ እንዲህ ብላችሁ ሙሉ ይል ይሆናል። ደወልኩላት።

“ከዚያ በኋላስ?” አልኳት።

“ከዚያ በኋላ እናያለን፣ እማ። የሆነ ቦታ እንፈልግልሻለን። የሽማግሌዎች መኖሪያ አለ፣ ንጹሕ ነው።”

ንጹሕ መሆኑንማ አውቃለሁ። አንሶላቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጋሪ ሙሉ ይመጣልን ነበር፤ ከየትኛው ክፍል እንደሆነ እንጂ የማን እንደሆነ ምልክት የለውም።

ደብዳቤውን ለመስኮት ሦስት ሰጠሁ። አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ። “ይበቃል” አለች።

ረቡዕ፣ 14 ቀን ቀረ

ቃለ መጠይቅ። ጠያቂው ከዚያ አገር የመጣ ጎልማሳ ሰውዬ ነው። ቋንቋውን ስለማውቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ምነው ባላወቅሁት።

ፋይሌን ገልጦ አንድ ወረቀት አወጣ። የእኔ ጽሑፍ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስወጣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሞላሁት ቅጽ። “ተመልሰው ለመኖር ያስባሉ?” ለሚለው “የለም” ላይ ምልክት አድርጌአለሁ። ይሁን፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ከሥር “ተጨማሪ አስተያየት” የሚል ባዶ ቦታ አለ። ማንም የማይጽፍበት ቦታ ነው። እኔ ጽፌበታለሁ። ሰውዬው ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦

“አገሬ ቤት አለኝ። የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉኝ። ከዚህ ምንም አልፈልግም።”

ስጽፈው ትዝ ይለኛል። ተናድጄ ነበር። በማን እንደተናደድኩ ደብተሩም ማወቅ አያስፈልገውም። እስክሪብቶዋን ተጭኜ ነው የጻፍኩት፤ ወረቀቱ በጀርባው አብጧል።

“ታዲያ ምን ተለወጠ?” አለኝ።

ምን ልበለው? የሚጠብቁኝ ሰዎች የሚጠብቁት ሌላ ነገር ነበር ልበለው? በየዓመቱ ለሁለት ሳምንት ሻንጣ ሙሉ ስጦታ ይዛ የምትመጣዋን ሴትዮ ነበር የሚወዱት። ሻንጣዋን ባዶ አድርጋ የተቀመጠችውን አያውቋትም።

“ጉልበቴ” አልኩት።

ጻፈ። ከዚያ ታሽጎ የነበረውን የማሙሽን ፖስታ ነካ አደረገ፤ ተከፍቷል። ፈገግ አለና፣ “የወንድምዎን አነበብኩት። ዕድለኛ ሰው ነዎት” አለኝ።

ስንት ዓይነት ሹፈት አለ! ሦስት ገጽ ሙሉ አላኖርሽም ላለ ወንድም “ዕድለኛ ነዎት”? ደሜ ፈላ፤ ግን ፈቃዱ በእሱ እጅ ነው፤ ዋጥ አድርጌው ወጣሁ።

ሰኞ፣ 9 ቀን ቀረ

መልስ የለም። የማሙሽ ሚስት አዲሱን ሻንጣ ራሷ መሙላት ጀመረች። “እትዬ እንዳይደክሙ” አለችኝ። አጣጠፏ አያምርም፤ ስትወጣ ሁሉንም አውጥቼ እንደገና አጠፍኩ። አናጢው ቁምሳጥኑን ጨርሷል። ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ሽንት ቤት ስሄድ በጎን ነው የማልፈው።

ዓርብ፣ 5 ቀን ቀረ

አልተፈቀደም።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል። ማንም አልተነሣም፤ ወረቀቱን ለማንም አላሳየሁም። ትናንት ከሰዓት በኋላ መስኮት ሦስት ላይ ወፍራም ፖስታ ሰጡኝ፤ ሰነዶቹ ሁሉ ተመልሰዋል። የውሳኔውን ደብዳቤ እዚህ እገለብጠዋለሁ፤ ካልገለበጥኩት ራሴም አላምነውም።

“አመልካቿ በትውልድ አገራቸው በቂ ማረፊያ፣ ሙሉ እንክብካቤና የቤተሰብ ፍቅር እንዳላቸው በቅርብ ዘመድ ቃል ስለተረጋገጠ፣ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም።”

የቤተሰብ ፍቅር። ማኅተም ያለበት።

ከዚያ የማሙሽን ሦስት ገጽ አነበብኩ። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦

“እህቴን ማኖር አልችልም ብዬ እንድጽፍ ተጠይቄአለሁ። ይህን ልጽፍ አልችልም፤ ምክንያቱም እችላለሁ። እህቴ የምትኖረው በቤቴ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ በሚገባበት ትልቅ ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤቴ እንደ ወላጅ እናቷ ታያታለች። እሷ ሳትቀመጥ ማዕድ አይቆረስም፤ እሷ ሳትጠየቅ በቤታችን ምንም ነገር አይወሰንም። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ‘መ’ን መጻፍ ሲያቅተኝ እጄን ይዛ አዙራልኛለች። እሷ ባትኖር ይህን ደብዳቤ መጻፍ አልችልም ነበር። መሄድ የፈለገችው የልጅ ልጇ ናፍቋት ብቻ ነውና፣ እባካችሁ ፍቀዱላት።”

ሁለተኛውና ሦስተኛው ገጽ እናታችን ስትታመም ያደረግሁትን ይዘረዝራሉ። እኔ ራሴ የረሳሁትን።

ፀሐይ የሚገባበት ትልቅ ክፍል! ከግድግዳው ማዶ ታንከሩ ጠብ ጠብ ይላል። ካርቶኖቹ እግሬ ሥር ናቸው። ሳቄ መጣ፤ አፌን በትራስ ያዝኩት።

ቅዳሜ፣ 4 ቀን ቀረ

ነገርኳቸው። የማሙሽ ሚስት ውሳኔውን አነበበች፤ ከዚያ የማሙሽን ቃል አነበበች፤ ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ማሙሽ ቆሞ ቀረ።

“አይችልም ብለህ ጻፍ ነው እኮ የተባልከው” አልኩት።

“እታለም፣ እኔ እህቴን አላኖርም ብዬ? በእጄ? በፊርማዬ?”

“ማን ያይብሃል? ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው የሚያነበው! ስምህን እንኳን አስተካክሎ አይጠራውም!”

“ፋይል ውስጥ ይገባል እኮ! እኔ ሞቼ እንኳን እዚያ ይኖራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፋይል ስገልጥ ስንቱን አይቻለሁ። ልጁን የካደ አባት፣ እናቱን የካደ ልጅ። ሰዎቹ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ ያዋርዳቸዋል። ስሜ እንደዚያ እንዲቀመጥ አልፈለግሁም።”

“ሚስትህን ሻንጣ ስታስገዛ ግን አላፈርክም።”

መነጽሩን አወለቀ።

“ደህና አድርጌ ከጻፍኩልሽ የሚፈቅዱልሽ መስሎኝ ነው። የተከበረች ሰው ናት ብለው” አለ።

“ስለ ስምህ ነው የጻፍከው፣ ማሙሽ።”

“እሱም አለበት” አለ። ሌላው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም።

ማታ በግድግዳው በኩል ሚስቱን ሰማኋት። “ለማያውቁህ ሰዎች ብለህ! ለልጅህ ስትል አንዲት መስመር መጻፍ አቃተህ?” ትላለች።  ከልቤ ልፍረድ ካልኩ፣ እሷ ናት እዚህ ቤት ውስጥ ያልዋሸችው።

ሆኖም የማሙሽን ይሉኝታ ብረግም የራሴስ? አውሮፕላን ማረፊያ ላይ “የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉኝ” ያልኩት ለማን ብዬ ነው? ለአንድ ማኅተም ለሚመታ ሰው። ከአንድ ማሕፀን ወጥተን የት እንሄዳለን።

ሰኞ፣ 2 ቀን ቀረ

ልጄ ደወለች። ነገርኳት። “አዝናለሁ፣ እማ” አለች። ከዚያ ተነፈሰች። ረጅም ትንፋሽ ነው፤ ከባድ ነገር ያስቀመጠ ሰው ይተነፍሰዋል።

“ዘጠና ቀን ብለሽ ባትጽፊ ኖሮ” አልኳት። ማለት አልነበረብኝም።

 አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

“ልጁ አይተኛም ነበር፣ እማ። ቁስሌ አልዳነም ነበር። ትንሽ ቆይልኝ ብዬ ለመንኩሽ። አሥራ አንድ ቀን ቆየሽና፣ ‘አገሬ ቤት አለኝ፣ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉኝ’ ብለሽ ሄድሽ። እኔም እንግዲህ ቤት አላት፣ የሚጠብቋት አሉ ብዬ ኖርኩ።”

ተናድጄባት ነበር ያኔ። እሱን ነው እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት። ሳታገቢ ወለድሽ ብዬ ነው የተናደድኩት፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ። እዚያ አገር ማንም ምንም አላለኝም።

እዚህ ደብተር ላይ “ሥራ በዝቶባት ነው” ብዬ የጻፍኩበትን ቦታ ሁሉ ፈለግሁት። መዝገብ ላይ አይፋቅም። ሁለት መስመር ይሰመርበትና ያሰመረው ሰው ይፈርምበታል። እያንዳንዱ ላይ አሰመርኩና ፈረምኩ።

ረቡዕ

ሁለት ዓመት ሞላኝ። የሚቀር ቀን የለም።

ከትናንት በስቲያ እራት ላይ የማሙሽን ቃል አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና፣ “ፀሐይ የሚገባበት ትልቅ ክፍል ይላል። ማኅተም አለበት” አልኩ። ማንም ቀና አላለም። የማሙሽ ልጅ ብቻ ሳቋ መጥቶ በውሃ ዋጠችው። ትናንት ማሙሽ ከሥራ ቀረ። ለእንግዳ ካልሆነ ማንም የማይቀመጥበትን የፊት ለፊቱን ሳሎን ሶፋ ብቻውን ጎትቶ አወጣ፤ የብረት አልጋዬን በትከሻው አስገባ። ልጅቷ የሰፋሁላትን መጋረጃ ይዛ መጣች። “ለዚህም መስኮት ይበቃል፣ አክስቴ” ብላ ሰቀለችልኝ። የጓሮዋን ክፍል እሷና ባሏ ይገቡባታል። ካርቶኖቹ እዚያው ናቸው። የማሙሽ ሚስት ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ አታናግረኝም። አዲሱን ሻንጣ ግን ብርድ ልብስ ከትታበት አልጋዬ ሥር አስገባችው። እኔም አጣጠፉን አልነካሁትም።

ዛሬ ጠዋት ማሙሽ በር አንኳኩቶ ገባ። ድሮ አያንኳኳም ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ፀሐይዋ ራሰ በራው ላይ አርፋለች።

“እታለም፣ ያቺን ወረቀት ብትመልሺልኝ።”

“ለምን?”

“እንዲያው… እኔ ጋ ትቀመጥ። እንዳትጠፋ።”

“አትጠፋም።”

“ሁሌ እያወጣሽ ታነቢብኛለሽ ብዬ ነው” አለ፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሎ።

አነበዋለሁ። ትናንት ሁለት ጊዜ፣ ዛሬ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከ“መ”ዋና ከእናታችን በቀር ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የትኛው መስመር ምን ያህል እንደሚዋሽ ከእሱ የበለጠ አውቃለሁ። ግን ስድሳ ስድስት ዓመት ስኖር እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ ሰው የለም። ልጄም አልጻፈችልኝም፤ ለእሷም እኔ አልጻፍኩላትም።

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ስትል አልነበር?” አልኩት። “ወረቀቱ ይዟል። እኔም አልለቅም።”